ከፍል ውሃ አፍ የሚዘንብ ሲሳይ

ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚማሯቸው የሳይንስ ትምህርቶች አንዱ የምግብ ሰንሰለት ነው። ሣር ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፤ ፌንጣ ሣሩን ይበላል፤ ዶሮ ፌንጣውን ትለቅማለች፤ ዶሮዋን ደግሞ ጭልፊት ይነጥቃታል። ልጁ ይህን ሁሉ በደብተሩ ላይ በቀስት እያያያዘ ይስልና በመጨረሻ «የሁሉም መነሻ ፀሐይ ናት» ብሎ ይጽፋል። መምህሩም ያርምለታል፤ ሙሉ ነጥብም ይሰጠዋል።

መልሱ ስሕተት አይደለም። በየብስ ላይ ለምናየው ሕይወት ሁሉ ማለት ይቻላል ይሠራል። ነገር ግን ጠያቂ ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ቀን «አባዬ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያሉትስ ምን ይበላሉ?» መባሉ አይቀርም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስቸግር ሌላ ጥያቄም አለ። ከላይ ፀሐይ እየበራበት፣ ከሥሩ ደግሞ መርዘኛ ፍል ውሃ እየተትጎለጎለ በሚወጣበት ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት ማዕዳቸው ከየት ነው የሚመጣላቸው? ከላይ ከፀሐይ ነው ወይስ ከታች ከምድር ሆድ? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የሳይንስ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመታት አነጋግሯል። መልሱም ለባሕር ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም የሚነግረን ነገር አለው።

ፀሐይን የማያውቅ ማዕድ

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም «አልቪን» የተባለች ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ በምሥራቃዊው ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ከጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ ወደ 2,500 ሜትር ያህል ጠለቀች። በውስጧ የነበሩት ተመራማሪዎች የከርሰ ምድር አጥኚዎች ነበሩ። የሚፈልጉትም እንስሳ ሳይሆን ከባሕሩ ወለል ሥር የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነበር። ፍል ውሃውን አገኙት። ነገር ግን በዙሪያው ያልጠበቁትን ነገር አዩ። ምንም ሕይወት አይኖርበትም ተብሎ በሚገመተው በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ትልልቅ ዛጎሎች፣ ሸርጣኖችና በነጭ ቱቦ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጫፋቸው ደም የመሰለ ረጃጅም ትሎች በብዛት ሰፍረው ነበር።

ትሎቹ እስከ ሁለት ሜትር ያድጋሉ። የሚገርመው ግን አንዳቸውም አፍ የላቸውም፤ ሆድ ዕቃም የላቸውም። ታዲያ እንዴት ይኖራሉ? ያኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ኮሊን ካቫና እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጽሑፍ መልሱን አስቀመጠች። በትሉ ገላ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከፍል ውሃው የሚወጣውን፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ከኦክሲጅን ጋር ያዋሕዳሉ። ከዚህ በሚያገኙት ኃይል ምግብ ይሠራሉ፤ ትሉም ከዚያው ይመገባል። ቅጠል በብርሃን የሚሠራውን ሥራ እነርሱ በኬሚካል ይሠሩታል ማለት ነው። ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳለው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ ገና በ1880ዎቹ ደርሶበት ነበር። ነገር ግን በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ የእንስሳት መንደር ሊተዳደር እንደሚችል ያሳየው የ1977ቱ ግኝት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ባክቴሪያዎቹ የሚጠቀሙበት ኦክሲጅን የተሠራው ላይኛው ባሕርና የብስ ላይ ባሉ፣ በፀሐይ በሚኖሩ ዕፅዋት ነው። እንግዲህ የጥልቁ መንደር እንኳን ከፀሐይ ፈጽሞ የተቆረጠ አይደለም። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የወተት ባሕሯ ደሴት

አሁን ከጥልቁ ወደ ላይ እንውጣ። ፍል ውሃ የሚፈልቀው በውቅያኖስ ጥልቅ ብቻ አይደለም። በጥቂት ሜትር ጥልቀት፣ ዋናተኛ ሊደርስበት በሚችል ባሕር ውስጥም ይፈልቃል። ከእነዚህ መካከል በሚገባ ከተጠኑት አንዱ የሚገኘው በታይዋን ሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ፣ ከየብሱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው በኩይሻን ደሴት አጠገብ ነው። የስሟ ትርጉም «የኤሊ ተራራ» ማለት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩዋት በውሃ ላይ የተኛች ኤሊ ትመስላለች። ደሴቲቱ እሳተ ገሞራ ናት። ፍል ውሃዎቹ የሚገኙት በኤሊዋ «ራስ» በኩል ሲሆን፣ እዚያ ያለው ባሕር ከሚወጣው ድኝና ጋዝ የተነሣ ነጣ ብሎ ስለሚታይ «የወተት ባሕር» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ባሕሩ ወተት ይምሰል እንጂ የሚጠጣ አይደለም። ከ10 እስከ 30 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ ከድንጋዩ ስንጥቅ የሚወጣው ውሃ በሁለት ይከፈላል። ነጭ የሚባለው ለብ ካለ ውሃ ጀምሮ እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቢጫ የሚባለው ግን እስከ 116 ዲግሪ ተለክቷል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ለምንማር ይህ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ የተጫነው የባሕር ውሃ ክብደት ቶሎ እንዳይፈላ ይይዘዋል። የግፊት ድስት እንደ ማለት ነው። አሲድነቱ ደግሞ ከሎሚ ጭማቂ ይበልጣል፤ በአንድ ወቅት የተለካው ፒኤች 1.52 ነበር። ቢጫው ውሃ በሚወጣበት ቦታ ድኙ እየተቆለለ እንደ ጭስ መውጫ ያለ ቁመት ይሠራል። በአገራችን ወደ ዳሎል የወረደ ሰው ቢጫውን የድኝ ክምርና የሚሰነፍጠውን ሽታ ያስታውሳል፤ ይህኛው በባሕር ሥር ያለ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር እንስሳ ይኖራል ብሎ የሚገምት ማን ነው? ነገር ግን አለ። ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳን የማይሞላ ጀርባ ያለው ትንሽ ሸርጣን በእነዚህ ስንጥቆች ዙሪያ ተጠቅጥቆ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ዜኖግራፕሰስ ቴስቱዲናተስ ሲሆን የተሰጠውም እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 364 ድረስ ተቆጥረዋል። አንድ ካሬ ሜትር ማለት በቤታችን ካለው የመስገጃ ምንጣፍ ብዙም የማይሰፋ ቦታ ነው! ለዚህ ሁሉ አፍ የሚበቃ ምግብ ከየት ተገኘ?

ከላይ የሚወርደው «በረዶ»

የጥልቁን ባሕር ታሪክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው «ባክቴሪያ ይበላሉ» ይላል። ጄንግ የተባሉት ታይዋናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ግን ወርደው አዩ። ያዩትንም እ.ኤ.አ. በ2004 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ በአጭሩ ጻፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር በቀን ውስጥ ይሞላል፤ ይጎድላልም። ሲሞላና ሲጎድል ውሃው እንደ ወንዝ ይፈሳል። በዚያን ጊዜ ከፍል ውሃው የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ከፈሳሹ ጋር እየተጠረገ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሸርጣኖቹም ከስንጥቃቸው አይወጡም። ነገር ግን ሙላቱ አልቆ ጉድለቱ ሳይጀምር፣ ወይም ጉድለቱ አልቆ ሙላቱ ሳይጀምር ውሃው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ያኔ መርዘኛው ውሃ ሳይበተን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በላይኛው ውሃ ውስጥ ደግሞ ፕላንክተን የሚባሉ፣ ከውሃው ጋር የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት አሉ። መርዙ ሲደርስባቸው በብዛት ይሞታሉ፤ ሬሳቸውም እንደ በረዶ ብናኝ እየተንሳፈፈ ወደ ወለሉ ይዘንባል።

ይህን ጊዜ ሸርጣኖቹ ከየስንጥቃቸው ግር ብለው ይወጣሉ። ድግስ እንደ ተጠራ ሰው ተሰብስበው የወረደውን ይለቅማሉ። ውሃው እንደገና መፍሰስ ሲጀምር ድግሱ ያበቃል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።

ሱብሐነላህ! ልብ በሉ፤ እነዚያ የሞቱት ጥቃቅን እንስሳት የበሉት በፀሐይ ብርሃን የኖረውን ረቂቅ የባሕር ዕፅ ነው። ስለዚህ ፍል ውሃው ለሸርጣኑ ምግቡን አልሠራለትም፤ ፀሐይ የሠራችውን ምግብ ከአየር ላይ እንደሚወድቅ ፍሬ አወረደለት እንጂ። ለሌላው ሞት የሆነው መርዝ ለእርሱ የሲሳይ መንገድ ሆነ። ሸርጣኑ ራሱ በመርዙ የማይሞተው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዙሪያው ያለው ውሃ አሲድ ቢሆንም የደሙን ሚዛን ጠብቆ የማቆየት ብርቱ ችሎታ አለው።

ማን ምን እንደበላ እንዴት ይታወቃል?

በዓይን የታየ ነገር ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ሸርጣኑ ሌሊት በስንጥቁ ውስጥ ምን እንደሚበላ ማን አየው? ለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። የእንስሳውን ሥጋ ራሱን ይጠይቁታል።

በተፈጥሮ ውስጥ ካርቦን የተባለው ንጥረ ነገር ቀላልና ትንሽ ከበድ ያለ ዓይነት አለው፤ ናይትሮጅንና ድኝም እንዲሁ። እነዚህ ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ምግብ የሚሠራ ፍጡር፣ ዕፅም ይሁን ባክቴሪያ፣ ከባዱንና ቀላሉን የሚያደባልቅበት የራሱ መጠን አለው። የበላው እንስሳም ያንን መጠን በሥጋው ይዞ ይገኛል። ስለዚህ የካርቦኑ መጠን ምግቡ በመጀመሪያ ከማን ቤት እንደ ወጣ ይጠቁማል። ከባዱ ናይትሮጅን ደግሞ ከተበዪ ወደ በዪ በተላለፈ ቁጥር በአማካይ በሺህ 3.4 ያህል ይጨምራል፤ በዚህም እንስሳው በሰንሰለቱ ላይ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደ ተቀመጠ ይታወቃል። የድኙ መጠን የባሕሩን ድኝ ከምድር ሆድ ከወጣው ለመለየት ይረዳል።

ይህ ዘዴ በኩይሻን ዙሪያ በሸርጣኖቹ፣ በቀንድ አውጣዎቹና በሌሎችም እንስሳት ላይ ተሞክሯል። የሆዳቸው ይዘትም ተመርምሯል። ከዚህ ሁሉ የተገኘው መልስ አንድ ወጥ አይደለም። ሸርጣኑ የሚያገኘውን ሁሉ የሚበላ ፍጡር ሆኖ ተገኘ። ከላይ የወረደውን ፕላንክተን ይበላል፤ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ይግጣል፤ የባክቴሪያው ድርሻም አለበት። በሌላ አነጋገር ማዕዱ በሁለት እግር የቆመ ነው፤ አንደኛው እግር የፀሐይ፣ ሁለተኛው የምድር ሆድ።

ይህ ለእኛ እንግዳ አኗኗር አይደለም። በከተማ ተቀምጦ ደመወዝ የሚያገኝ፣ ከገጠር ዘመዶቹም በየዓመቱ እህል የሚላክለት ስንት ቤተሰብ አለ! «የምትኖሩት በደመወዝ ነው ወይስ በእርሻ?» ቢባል በአንድ ቃል መመለስ ያስቸግረዋል። አንዱ የቀረ ቀን ግን የሁለቱም ዋጋ ይታወቃል።

ከኤጅያን ባሕር እስከ ኩሪል ደሴቶች

ኩይሻን ብቻዋን አይደለችም። በግሪክ፣ በኤጅያን ባሕር ውስጥ ሚሎስ በተባለችው ደሴት ዳርቻም ጥልቀት በሌለው አሸዋ ውስጥ ፍል ውሃ ይፈልቃል። በአሸዋው ላይ ባክቴሪያው ነጭ ምንጣፍ ሆኖ ይነጠፋል፤ ከአጠገቡ የባሕር ሣር ያድጋል። በዚያ ነጭ ምንጣፍ ላይ ሳይክሎፔ ኔሪቴያ የተባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ በብዛት ትታያለች። እርሷም ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ትችለዋለች፤ የሞተ እንስሳ ሽታ ሲደርሳት ፈጥና ደርሳ የምትለቅም ናት። የታይዋኑ ሸርጣንና የግሪኳ ቀንድ አውጣ ዘመድ አይደሉም፤ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀዋል። ነገር ግን ሁለቱም የያዙት አንድ ዓይነት መተዳደሪያ ነው፤ ሌላው ሊቋቋመው ያልቻለውን ቦታ ችሎ የወደቀውን መልቀም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ታራሶቭ የተባሉት ሩሲያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከኩሪል ደሴቶች አንሥቶ በዓለም ዙሪያ የታወቁትን የጥልቅና የአጭር ባሕር ፍል ውሃዎች አነጻጽረው ነበር። ያገኙትም ልዩነት 200 ሜትር ጥልቀት አካባቢ ላይ ይታያል። ከዚያ በታች ከፍል ውሃ ውጪ መኖር የማይችሉ እንስሳት ይበዛሉ። ከዚያ በላይ ግን እንዲህ ያለው እንስሳ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከአካባቢው ባሕር የመጣ፣ ሁኔታውን የቻለ ጎረቤት ነው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ፀሐይ ባለበት ቦታ በቂ ምግብ ስላለ ሰውነትን ሙሉ በሙሉ ለባክቴሪያ አሳልፎ መስጠት ያን ያህል አያስፈልግም። የእኛ ሸርጣን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹም በጃፓንና በኒውዚላንድ በኩል የተገኙት በፍል ውሃ አጠገብ ነው።

ቁጥር ሲበዛ ድሩ በዛ ማለት አይደለም

«የምግብ ሰንሰለት» የሚለው አባባል የሚያሳየው አንድ መስመር ብቻ ነው። በእውነቱ ግን አንዱ ብዙውን ይበላል፤ በብዙውም ይበላል። ስለዚህ ሊቃውንት «የምግብ ድር» ማለትን ይመርጣሉ። የሸረሪት ድር አንድ ክሩ ቢበጠስ በሌሎቹ ይያዛል። ብርታቱ በክሩ ብዛት ነው።

በፍል ውሃው አፍ ያለው ድር ግን ክሩ ጥቂት ነው። በካሬ ሜትር 364 ሸርጣን ሲባል ሀብት ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው ንጹሕ ባሕር ውስጥ የእንስሳቱ ዓይነት እጅግ ይበዛል። አሲዱና መርዙ ዓይነቱን ይቀንሳል፤ ለቻለው ለአንዱ ግን ቦታውን ይለቅለታል። ስለዚህ የአንድ ዓይነት መብዛት የማዕዱን ጥጋብ እንጂ የድሩን ብርታት አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ግንቦት ወር አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም በሐምሌ ኔፓርታክ የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በተከታታይ ኩይሻንን መታት። የፍል ውሃዎቹ እንቅስቃሴና የሚተፉት ኬሚካል ከዚያ በፊት ተመዝግቦ በማያውቅ ሁኔታ ተለወጠ። ለውጡ ጊዜያዊ ነበር። ነገር ግን የዚህ ማዕድ አንድ እግር በአንድ ሰሞን ውስጥ ሊናጋ እንደሚችል አሳይቷል።

ይህኛው አደጋ ሰው ያመጣው አይደለም። ሁለተኛውን እግር የሚነካው ግን የእኛው ሥራ ነው። ከየፋብሪካውና ከየመኪናው ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይመጥጠዋል። ጋዙ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ይሠራል። የላይኛው ባሕር ፒኤች ከኢንዱስትሪ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ በ0.1 ያህል ወርዷል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ አሲድነቱ በመቶ 30 ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ወዴት እንደሚያመራ ለማየት ተመራማሪዎች ከባሕር ሥር ጋዝ ወደሚወጣባቸው ቦታዎች ይሄዳሉ። በጣሊያን ኢስክያ በተባለችው ደሴት አጠገብ ውሃው ሳይሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብቻ እየተንጨረጨረ የሚወጣበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው የሆል-ስፔንሰርና የባልደረቦቻቸው ጥናት መሠረት፣ ወደ ጋዙ በቀረቡ ቁጥር የኖራ ቅርፊት ያላቸው ፍጡራን እያነሱ ሄዱ፤ የአንዳንዶቹም ቅርፊት ይሟሟ ነበር። የባሕር ሣሩ ግን ለመለመ። አሁንም ያው ነው፤ ጥቂቱ ይበዛል፤ ብዙው ይጠፋል። ድሩ ይሳሳል።

ለልጆቻችን ምን እንበላቸው?

እንግዲህ ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ቀስቱን አታጥፉበት፤ ጨምሩበት። ከላይ ፀሐይን፣ ከታች ፍል ውሃውን ይሳል። ከፀሐይ ወደ ረቂቁ የባሕር ዕፅ፣ ከዕፁ ወደ ፕላንክተኑ፣ ከፕላንክተኑ ወደ ሸርጣኑ ቀስት ያድርግ። ከፍል ውሃው ወደ ባክቴሪያው፣ ከባክቴሪያውም ወደ ሸርጣኑ ሌላ ቀስት ያድርግ። ከዚያ ደግሞ ከፍል ውሃው ወደ ፕላንክተኑ አንድ በቀይ የተሳለ ቀስት ይጨምር፤ ያ ምግብ ሳይሆን መርዙ ነው። መርዙ ባይኖር «በረዶው» አይዘንብም። በመጨረሻም ፀሐይ ከሚሠራው ዕፅ ወደ ባክቴሪያው የኦክሲጅን ቀስት ይሳል፤ ቀደም ሲል ያዝነው ነጥብ ይህ ነው።

ከዚያ አንዱን ቀስት በላጲስ አጥፍቶ «ማን ይራባል?» ብለው ይጠይቁት። መጀመሪያ የሚመጣለት መልስ የሸርጣኑ ስም ይሆናል። ትንሽ ሲያስብበት ግን አንድ ቀስት ብቻውን እንደማይጠፋ ያያል። «የሁሉም መነሻ ፀሐይ ናት» ብሎ የጻፈው ልጅ ያኔ መልሱን ራሱ ያሻሽለዋል።